ጎን አንዴ፣ ሸራ ሁለቴ

«ዞረሽ አትዪኝ።»

አልዞረችም። በጨርቅ ነጋዴዎቹ ጠባብ መተላለፊያ፣ እስከ ጣሪያ በተደረደሩት ጥቅሎች መካከል ቆማ የአንዱን ሸራ ጫፍ በሁለት ጣቶቿ አሸት አደረገች። ገዢ መስላለች። ከጀርባዋ የቆመውም ሰው ገዢ መስሏል። ድምፁን ግን ከሺህ ድምፅ ትለየዋለች። ይህን ሥራ ያስተማራት፣ በክፉ ቀን የደበቃት ሰው ነው። እውነተኛ ስሙን አታውቅም። «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች፤ የሥራ ስሙም ይኸው ሆኖ ቀርቷል። የሷ የሥራ ስም «መርፌ» ነው።

«ቁጥሩን ያዢ። እንዳትጽፊው።»

«ጽፌ አውቃለሁ?»

«መንጠቆው ከመሬት ዘጠኝ ሜትር። ከግንቡ ሥር እስከ አጥሩ ቀለበት አሥራ ሁለት። ገመዱ አሥራ አምስት። ሸራው ሰባ ሁለት ካሬ ይበቃሻል።»

«ቦታውን ሳላየው ልቁረጥ?»

«የምትገቢው ነገ ብቻ ነው። ሰቅለሽ ትወጫለሽ። እዚያ ግቢ ውስጥ ሜትር የያዘ ሰው አይወዱም።»

«ሸራ ሰፊ የሆነ ሰው ቦታውን ሳያይ አይቆርጥም፣ ወንድም ጋሼ። እንዲያውም ይጠረጥሩኛል።»

 አንድ ጥቅል ጨርቅ አንስቶ መልሶ ሲያስቀምጥ ሰማችው።

«ገብቼ የለካሁት እኔ ነኝ። እኔን ተጠራጠርሽ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ!»

«እንግዲያው ነገ። ከዚያ በኋላ ጆሮን ወደማናውቀው ቦታ ይወስዱታል። ከአጥሩ ውጭ፣ ከመታጠፊያው በላይ፣ መኪና ይዤ እጠብቃችኋለሁ።»

ዞር ስትል ሰው የለም። የተንጠለጠለ ጨርቅ ብቻ ይወዛወዛል።

«ጆሮ»ም የሥራ ስም ነው፤ የስለላ ድርጅታቸው ሬዲዮ አድማጭ። ጠላት በአየር ላይ የሚያወራውን ሲሰማ ኖሮ በመጨረሻ ራሱ ተያዘ። የሁሉንም ስም ያውቃል። እስካሁን ግን አንድ ሰው እንኳ አልታሰረም። አልተናገረም ማለት ነው። እሷ ዛሬ ቆማ የምትሄደው በሱ ዝምታ ነው።

የታሰረበት ግቢ ከውጭ ሲያዩት በርና መስኮት መሥሪያ ነው። እውነትም በር ይሠራበታል። ከጎኑ ድንጋይ መፍጫ አለ፤ አቧራው ቀለም የተቀቡትን በሮች እያበላሸ አስቸገረ። ጌቶቹ የአቧራ መጋረጃ ፈለጉ። ድርጅቱም ሸራ ሰፊ ላከላቸው።

መጋረጃው ሦስት ማዕዘን ነው። በግንቡ በኩል ከፍ ያለ መንጠቆ አለ፤ ከማዶ ያለው ግን ከአጥሩ ሥር የተቀበረ የብረት ቀለበት ብቻ ነው። የብረት ገመዱ ከመንጠቆው ተነስቶ ዘንበል ብሎ ወደ ቀለበቱ ይዘረጋል፤ ሸራውም ከገመዱ ላይ ወደ መሬት ይወርዳል። የጆሮ መስኮት ከመንጠቆው ሥር ነው። ቀለበቱ ደግሞ ከቆሻሻ ማውጫዋ በር አጠገብ። ጆሮ በገመዱ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል። ጠባቂዎቹ ከሸራው ወዲህ፣ እሱ ከሸራው ወዲያ።

እየተራመደች ቁጥሩን በሆዷ ደገመችው። ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት። እናቷ የምር ሸራ ሰፊ ነበሩ። «ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን በሦስት፣ በአራት፣ በአምስት ፈትኚው» ይሉ ነበር። ፈተነችው። ሦስት ጊዜ ሦስት፣ ሦስት ጊዜ አራት፣ ሦስት ጊዜ አምስት። አለፈ።

ሸራውስ? ዘጠኝን በአሥራ ሁለት፣ ከዚያ ግማሹን። ሃምሳ አራት።

ቆም አለች።

ሰባ ሁለት ነው ያለው። ለእጥፋትና ለስፌት ይሆን? እጥፋት ይህን ያህል አይበላም። የመኝታ ክፍል ወለል የሚያህል ሸራ ከየት መጣ?

ወንድም ጋሼ ተሳስቶ አያውቅም።

ፈራች። ምን እንደፈራች ግን ገና አላወቀችም። እግሯ ወደ ቤቷ መሄዱን ትቶ ወደ ግቢው አመራ።

* * *

«ማንን ፈልገሽ ነው፣ እትዬ?»

በሩን የከፈተው ረጅሙ ጠባቂ ነው። ስሙን የሚጠራው የለም፤ «ሳቂታው» ይሉታል። ሲያስር ይስቃል፣ ሲመታም ይስቃል ይባላል።

«መጋረጃውን የምሠራው እኔ ነኝ። ቦታውን ልየው ብዬ ነው።»

«ተለክቷል ተብሎ የለም እንዴ?»

«በሰው እጅ የተለካ በራስ እጅ ካልተደገመ አይቆረጥም። ቢያጥር የሚሰድቡኝ እኔን ነው።»

ሳቀና አስገባት። ግቢው በመጋዝ ድምፅና በቀለም ሽታ ተሞልቷል። ቀና ብላ መንጠቆውን አየችው። ከሥሩ መስኮቱ አለ፤ በእንጨት መዝጊያ ተዘግቷል። ከውስጥ የሰው ሳል ተሰማ።  ፊቷን ወደ መሬት መለሰች።

«ላይ ወጥቼ ሜትሬን ወደ ታች ልልቀቀው?»

«ላይ አይወጣም።»

ሳቁ የለም።

«እሺ፤ እዚሁ ሆኜ እለካዋለሁ።»

«መሰላል የለንም።»

«በጥላው።»

ሳቁ ተመለሰ። «አንቺ ሸራ ሰፊ ነሽ ወይስ ጠንቋይ?»

የአንድ ሜትር እንጨቷን መሬት ላይ ቀጥ አድርጋ አቆመች።  የረፋዱ ፀሐይ የእንጨቱን ጥላ ወለሉ ላይ አስተኛው። ለካችው። ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር።

«ፀሐይዋ አንድ ናት» አለችው። «ለእንጨቱም ለግንቡም በአንድ ዘንበል ነው የምታበራው። እንጨቱ ከነጥላው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይሠራል። ግንቡ ከነጥላው ትልቅ ይሠራል። ትንሿ የትልቋ ልጅ በላት። መልኳ ቁርጥ እናቷን ነው፤ መጠኗ ብቻ ነው የሚለየው። የእንጨቱ ጥላ የእንጨቱ ሦስት ሩብ ከሆነ፣ የግንቡም ጥላ የግንቡ ሦስት ሩብ ነው።»

«እስቲ የኔን!» ብሎ እጁን ከጎኑ አጣብቆ ቆመላት፤ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው።

ጥላውን ለካች። አንድ ሜትር ከሠላሳ አምስት። በሰባ አምስት አካፈለችው።

«አንድ ሜትር ከሰማንያ ነህ።»

«ወይ ጉድ! ልክ ናት እኮ!» ጭኑን መታ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለላት። «እንግዲህ ሰውን በጥላው ታውቂዋለሽ ማለት ነው፣ እትዬ።»

አፉ ይስቃል። ዓይኑ አይስቅም።

 «ይልቅ የሜትሩን ጫፍ ያዝልኝ» አለችው። ያዘላት። ከግንቡ ሥር እስከ መንጠቆው ጥላ ጫፍ ዘረጉት።

ዘጠኝ ሜትር።

ዘጠኝ! ልትጮህ ምንም አልቀራት። ወንድም ጋሼ የነገራት ቁጥር! ጥላውን ለክቶ ቁመቱ መስሎት ነው እንጂ። የዋህ ስህተት ነው። ዘጠኝን በሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ስታካፍለው ግንቡ አሥራ ሁለት ይሆናል። ሰው ነው፤ ይሳሳታል። አምላኳን አመሰገነች።

«እስቲ ደግሞ እስከ ቀለበቱ።»

ይህ ጥላ አይደለም። መሬት ነው። መሬት ከፀሐይ ጋር አይረዝምም፣ አያጥርም።

ዘረጉት። አሥራ ስድስት ሜትር።

እሱ ያላት አሥራ ሁለት ነው።

 አሥራ ሁለት የአሥራ ስድስት ሦስት ሩብ ነው። ዘጠኝም የአሥራ ሁለት ሦስት ሩብ። ገመዱ በእውነተኛው ልክ ሃያ ሜትር መሆን አለበት፤ እሱ አሥራ አምስት አላት። ይህም ሦስት ሩብ።

ከሁሉም ላይ ሩብ ሩብ ተነስቷል። ቅርጹ አልተነካም። ማዕዘኑ ልክ፣ መልኩ ልክ፣ መጠኑ ብቻ ውሸት። በሦስት፣ በአራት፣ በአምስት ብትፈትነው እንዲያልፍ ተደርጎ የተቀነሰ።

ሸራውስ? አሥራ ሁለትን በአሥራ ስድስት፣ ከዚያ ግማሹን። ዘጠና ስድስት።

ከዘጠና ስድስት ላይ ሩቡ ቢነሳስ?

ሰባ ሁለት።

እናቷ ጆሮዋ ውስጥ ተናገሩ። «ልጄ፣ ጎን አንዴ ሲቀነስ ሸራ ሁለቴ ይቀነሳል። አንዴ በወርዱ፣ አንዴ በቁመቱ።» የዘጠና ስድስት ሦስት ሩብ ሰባ ሁለት ነው። የሰባ ሁለት ሦስት ሩብ ሃምሳ አራት። ወንድም ጋሼ አንዴ ብቻ ቀነሰና አቆመ። እውነተኛውን ልክ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ሸራ ሰፍቶ ግን አያውቅም።

«ምነው እትዬ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ፀሐዩ ነው» አለች። «ፀሐዩ።»

* * *

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ተንበረከከች። 

ነገሩ አሁን ተገልጦላታል። አጭር ገመድ ይዛ ብትገባ ከቀለበቱ ሳይደርስ በአየር ላይ ይቀራል። ሳቂታው ቀና ብሎ ያይና «ይቺ ሴትዮ ሸራ ሰፊ አይደለችም» ይላል። እዚያው ትያዛለች። ጆሮም እዚያው ይቀራል። የበላዮቹ ደግሞ «መርፌ ስትለካ ተሳሳተች» ይላሉ። የሚያለቅስላት የመጀመሪያው ሰው ወንድም ጋሼ ይሆናል።

ለምን? ጆሮ አድማጭ ነው። አንድ ቀን በሬዲዮው የሚያውቀውን ድምፅ ከጠላት ጋር ሲያወራ ሰምቶ መሆን አለበት። እንዲወጣ ያልተፈለገው ለዚህ ነው።

ለማን ትንገር? ከበላዮቹ ጋር የሚያገናኛት ወንድም ጋሼ ብቻ ነው። ሌላው መንገድ ጆሮ ነው። ከመያዙ በፊት ቧንቧ ጠጋኝ መስሎ መጥቶ መጠባበቂያ ሬዲዮ ከዚህ ክፍል ጣሪያ ውስጥ ቀብሮ ነበር። ለማንም አልተናገሩም። ለወንድም ጋሼም። በዚያ ሬዲዮ ከበላዮቹ ጋር መነጋገር የሚችለው ግን ጆሮ ብቻ ነው።

የበሯን ቁልፍ ከአንገቷ አወጣች። በጠንካራ ማንገቻ እጥፋት ውስጥ ከተተችውና ሰፋችበት። ማንገቻውን በገመድ ላይ ከምትንከባለል ትንሽ ፑሊ ጋር አሰረች። ከዚያ ሃያ ሜትር ገመድ፣ ለቋጠሮ የሚሆነውንም ጨምራ። ከዚያ ዘጠና ስድስት ካሬ ሸራ፣ ለእጥፋት የሚሆነውንም ጨምራ። የስፌት መኪናዋ እስኪነጋ አላረፈችም።

«አቤቱ» እያለች ሰፋች። ሌላ ቃል አልነበራትም።

* * *

ገመዱን ከላይ ያሰረው ራሱ ሳቂታው ነው። እሷን ላይ አላስወጡም። መዝጊያው አጠገብ፣ ፑሊውና ማንገቻው ከገመዱ ላይ ተንጠልጥለዋል።

«ይሄ ምንድነው?» ብሎ ከላይ ጮኸ።

«የሸራ መሳቢያ ነው! ተወው፣ እዚያው ይቆይ!» ከዚያ ከመዝጊያው ጀርባ ያለው እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ወደ ታች ነው የሚወርደው! ወደ ላይ አይደለም! ወደ ላይ መንገዱ ተበላሽቷል!»

«አትጩኺ፣ ደንቆሮ አይደለሁም!»

ከመዝጊያው ጀርባ ሳል ሁለቴ ተሰማ።

ሰምቷል።

የገመዱን ጫፍ ከቀለበቱ ላይ በመቆንጠጫ ወጠረችው። ደረሰ። ከልኩ አላነሰም፣ አልበለጠም። ሸራው ከመንጠቆው እስከ መሬት ዘቅዝቆ ግቢውን ለሁለት ከፈለው። ሳቂታው ወርዶ አየው። ዞሮ አየው።

«አቤት ልክ! ጥላሽ አይዋሽም፣ እትዬ።»

«ወዲያ ሆኜ ጫፉን ልቋጥር» አለችና ከሸራው ጀርባ ገባች። ድንጋይ መፍጫው መጮህ ጀመረ። የጠበቀችው ይህን ነው።

መዝጊያው ተከፈተ። ምስማሮቹን ጆሮ ራሱ በብዙ ቀን ትግል አላልቷቸዋል። ቀጭን እጅ ወጣ። ማንገቻውን ያዘ።

ወጣ።

ተንሸራተተ።

ያን ጊዜ ፀሐይዋ ከጀርባዋ ሞቀቻት።

ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ ወደ ማዶ ዞራለች። ትናንት የለካችበትን ጥላ ፈጽማ ረስታዋለች። የጆሮ ጥላ፣ ሙሉ ሰው ከነእግሩ፣ በነጩ ሸራ ላይ ቁልቁል ይወርዳል።

ከሸራው ወዲያ የሳቂታው ሳቅ ይሰማል። ከሰው ጋር እየቀለደ ነበር።

ሳቁ ቆመ።

«እትዬ?»

መዶሻዋን አነሳች።

«እትዬ… ይሄ የማን ጥላ ነው?»

ጆሮ መሬት ደረሰ። አጥንትና ቆዳ ብቻ ነው። ጠጉሩ ነጥቷል። እጁ በማንገቻው ውስጥ ያለችውን ቁልፍ ዳሰሰ፤ ገባው።

«ወንድም ጋሼ ነው…» አለ፣ በደረቀ አፉ።

«አውቃለሁ። ወደ ታች ሂድ። ወደ መደበቂያው ቤት ወስዳ ታቆየዋለች ብለህ ለበላዮቹ ንገራቸው።»

«አንቺስ?»

«ሂድ አልኩህ!»

ሄደ። ከሸራው ወዲያ ሩጫ መጣ። ሦስት ሰው፣ ምናልባትም አራት። የሸራው ሆድ በእጅ ተገፋ።

መቆንጠጫውን በመዶሻ መታችው።

አልለቀቀም።

ደግማ መታችው።

ገመዱ እንደ እባብ ተወረወረ። ዘጠና ስድስት ካሬ ሸራ ከነክብደቱ በጠባቂዎቹ ላይ ወደቀ። ከሥሩ ጩኸትና ስድብ ተተረማመሰ። እሷ ቀኝ እጇን አየች። ሁለት ጣት የለም። መርፌ የምትይዝባቸው ናቸው። ሕመሙ ገና አልደረሰም ነበር።

እጇን በቀሚሷ ጠቅልላ በቆሻሻ ማውጫዋ በር ወጣች። ከውጭ ቀረቀረችው።

ወደ ታች ልትሮጥ ልቧ ከጅሎ ነበር። ወደ ላይ ሄደች።

* * *

ወንድም ጋሼ የመኪናውን በር ከፈተላት። ብቻዋን መሆኗን አየ።

«ጆሮስ?»

«ገመዱ አጠረ» አለች። «ከመሐል ወደቀ።»

«ነፍሱን ይማር።»

ሞተ አላለችም። አንገቷን ደፋች። እንባዋ የእውነት ነበር፤ ለማን እንደሆነ ግን እሱ አላወቀም።

«እጅሽ! ምነው እህቴ!» መኪናውን አስነሳ። «ሐኪም ቤት…»

«ይፈልጉኛል። ወደ ቤቱ ውሰደኝ።»

ቤቱ የድርጅቱ መደበቂያ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የቁስል ማሸጊያ የተቀመጠበት ሳጥን። አስቀመጣት። እጇን በሞቀ ውሃ አጠበላት። ቀስ ብሎ፣ እንዳያማት እየተነፈሰበት። ድሮ ስትታመም እንደሚያደርገው። ከሁሉ የከፋው ይህ ነበር። ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነው፤ መዳፉ ግን የወንድም መዳፍ ነው።

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አላት። «መለካት ከባድ ነገር ነው። ለበላዮቹ እኔ አስረዳቸዋለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድም ጋሼ።»

«አሁን ተነሺ፤ ከዚህ እንውጣ።»

«ትንሽ አጥብቀው። ይደማል።»

አጠበቀው። ፋሻውን ፈታች። «አሁን ደግሞ በዛ፤ አላልተህ እሰረው።» አላላው። ጆሮ ክፍሏ ደርሶ ይሆን? ጣሪያውን ከፍቶ ይሆን? ባትሪው ሞቶ ቢሆንስ? ጥርሷ ይንገጫገጫል። እሱ ከሕመሙ መሰለው።

በሩ ተንኳኳ።

ሁለት። ዝምታ። አንድ። ከበላዮቹ በቀር እንዲህ የሚያንኳኳ የለም።

የወንድም ጋሼ እጅ ፋሻው ላይ ቆመ። በሩን አየ። እሷን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ አንድ በአንድ ወረደ።

«ስንት ሜትር ቆረጥሽው?» አለ፣ በሹክሹክታ።

«ሃያ።»

«እንዴት…»

«ሸራውን አንዴ ብቻ ቀነስከው።»

እጁ ወደ ወገቡ ሄደ። ዓይኗን ጨፈነች። አምላኳን ጠራች። ምንም አልተሰማም። ስትገልጥ ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እሱ የፋሻውን ጫፍ እየቋጠረላት ነው። በደንብ ቋጠረው።

«ክፈቺላቸው» አለ።

* * *

ድርጅቱ ስሟን ከመዝገቡ ሰረዘ። በጎደለ ጣቷ የምትታወቅ ሴት ለስለላ አትሆንም። ጆሮ ቁልፏን በሰው ላከላት፤ ክፍሉ ግን የሷ መሆኑ ቀርቷል፤ ዳግም አልተመለሰችበትም።

አሁን በሌላ ከተማ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ክርና የልብስ ቁልፍ የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች። ቀኝ እጇን ከነጠላዋ አታወጣም። መስፋት ትችያለሽ ወይ ሲሏት «ድሮ እናቴ ይሰፉ ነበር» ብላ ታልፋለች።

ረፋድና ከሰዓት በኋላ ከሱቋ አትወጣም። ጥላ ረዘም በሚልበት ሰዓት ሰው ከጀርባዋ ሲያልፍ አሁንም ልቧ ድው ይላል። የምትወጣው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ፀሐይ ከአናቷ ላይ ቀጥ ስትል። ያን ጊዜ ጥላዋ ከእግሯ ሥር ይገባል። የሚለካት የለም።